«ሰማ»

ባለፈው ሰርግ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሙዚቃው እየደለቀ፣ አክስቴን ጆሮዋ ሥር ሆኜ በጩኸት ሳናግራት፣ «አትጩህብኝ እንጂ! ድምፅህማ ይሰማኛል፤ የምትለው ነው የማይሰማኝ» አለችኝ። ሳቅን። እሷ ግን ልክ ነበረች።

ከግእዙ «ሰምዐ» ጋር አንድ ሥር ያለው «ሰማ» ብዙ የሚሸከም ግስ ነው። ድምፅ ጆሮ ሲደርስ ሰማን እንላለን። «አማርኛ ይሰማል» ስንል ግን ይገባዋል ማለታችን ነው። ምክር የተቀበለም ሰማ ይባላል፤ «ተስማማ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዕድሜ የሚነጣጥላቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከዕድሜ ጋር ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። «ሰ»ን ከ«ፈ» የምንለየው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚያ ድምፆች ነው። ስለዚህ «ሠራ» ይሁን «ፈራ»፣ አንጎል ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ መገመት ይጀምራል፤ ግምቱም ያደክማል። ይባስ ብሎ፣ ጆሮው ደኅና የሆነ አዛውንት እንኳ አንጎሉ ፈጣን የድምፅ ለውጦችን እንደ ወጣትነቱ አጥርቶ ስለማይከታተል በጫጫታ መሃል ይቸገራል።

ጩኸት እምብዛም አይረዳም፤ አናባቢውን ያጎላል እንጂ ተነባቢውን አያጠራም። ለአዛውንቶች ሙዚቃውን ቀንሱላቸው፤ ፊታችሁን ወደ እነሱ አዙራችሁም ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው።