ቁንጮውን በራሱ እጅ የቆረጠው ሰው

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። ሬስሊንግ የሚታይ ቀን አግዳሚው ሞልቶ በር ላይ እንጋፋለን፤ ሳንቲም ያጣው በቆርቆሮው ቀዳዳ ያጮልቃል። «ይሄ እኮ ውሸት ነው» የሚል ትልቅ ሰው ከመጣ በጩኸት ነበር የምናባርረው። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1954 ቶኪዮ ውስጥ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ሳይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትዝ ያለችኝ ያቺ ቤት ናት። አደባባይ ላይ አንዲት ቴሌቪዥን፣ ከሥሯ አንገቱን ያሰገገ የሕዝብ ባሕር።

የሚያዩት ሪኪዶዛንን ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ግን ኪም ሲንራክ ነበር። በ1924 ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በምንለው አገር ተወለደ፤ ያኔ ኮሪያ የጃፓን ቅኝ ግዛት ናት። በ1940 ወደ ጃፓን ተሻግሮ ሱሞ ገባ። ጎበዝ ነበር። በ1949 ሴኪዋኬ ሆነ፤ ይህ በሱሞ ማዕረግ ከላይ ሦስተኛው ነው።

በ1950 ግን በቃኝ አለ። አንድ ታዋቂ የሱሞ ታጋይ ሲሰናበት ሥርዓት አለው፤ ወዳጅ ዘመድና ደጋፊው ተራ በተራ እየቀረበ ከቁንጮው ጥቂት ጥቂት ይቆርጥለታል፣ የመጨረሻውን መቀስ ጌታው ያሳርፋል። ሪኪዶዛን ይህን ሁሉ አልጠበቀም። ሌሊት በወጥ ቤት ቢላ ራሱ ቆረጠው ይባላል። አንዳንዱ ከጌታው ጋር በገንዘብ ተጣልቶ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኮሪያዊ መሆኑ መንገዱን ዘግቶበት ነው ይላል። እኔ ሁለቱም ይመስሉኛል። ቢላ ያነሳ ሰው አንድ ምክንያት ብቻ አይኖረውም።

ከዚያ የግንባታ ሥራ ላይ ዋለ። በጥቅምት 1951 አሜሪካውያን ሬስለሮች ቶኪዮ መጥተው ሳለ ከቦቢ ብረንስ ጋር ተጋጥሞ አቻ ወጣ። (በዚያው ወር የእኛ ቃኘው ሻለቃ ልጆች በእሱ የትውልድ አገር ተራራ ላይ እየተዋጉ ነበር።) በ1952 ሃዋይ ሄዶ ሙያውን ተማረ። ሱሞ ቶሎ ያልቃል፤ ከክቡ የወጣ ወይም መሬት የነካ ተሸነፈ። ሬስሊንግ ግን መውደቅን፣ መነሳትን፣ ተመልካቹን አንጠልጥሎ ማቆየትን ይጠይቃል። ከሱሞ ይዞት የመጣው በመዳፍ የመምታት ልማዱ የእጅ ጠርዝ ምት ሆነ፤ «የካራቴ ምት» ተባለ።

የካቲት 19 ቀን 1954 ከጁዶው ጀግና ከኪሙራ ማሳሂኮ ጋር ሆኖ የሻርፕ ወንድማማቾችን ገጠመ። ጃፓን ከተሸነፈች ዘጠኝ ዓመቷ፣ የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ግዙፎቹ ነጮች በዚያ ምት ሲንገዳገዱ አደባባዩ አበደ። ሻርፖቹ በእውነቱ ካናዳውያን ናቸው፤ ማን ግድ አለው! ተበቃይ የተባለው ጃፓናዊም ኮሪያዊ ነበር። መዝገቡ የናጋሳኪ ልጅ ነው ይላል፣ እሱም ይህንኑ ይዞ ኖረ። ትናንት ጃፓን የገዛችው ሕዝብ ልጅ የጃፓንን ቁስል አከመ፤ ማን መሆኑን ቢናገር ግን ማንም አያጨበጭብለትም ነበር።

ደግ ሰው ነበር ብዬ አላስመስልም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 22 ከኪሙራ ጋር ተጋጠመ። ኪሙራ እንደሚለው አቻ እንዲያልቅ ተስማምተው ነበር። መሀል ላይ ሪኪዶዛን የምሩን መምታት ጀመረ፤ ኪሙራ በደም ተነክሮ ወደቀ። ቪዲዮ ቤቷ ውስጥ ስንጨቃጨቅበት የነበረው ጥያቄ እዚህ ላይ ያቃጥላል፦ ውሸት የነበረው የቱ፣ እውነትስ የሆነው ከየት ጀምሮ ነው?

ታኅሣሥ 8 ቀን 1963 አካሳካ በሚገኝ የምሽት ክበብ ውስጥ አንድ የወንበዴ ቡድን አባል በጩቤ ወጋው። በሳምንቱ የሆድ ዕቃው መርቅዞ በ39 ዓመቱ ሞተ።

ካሠለጠናቸው ልጆች አንዱ አንቶኒዮ ኢኖኪ ነበር። ኢኖኪ በሚያዝያ 1995 ፒዮንግያንግ ሄዶ፣ በጌታው የትውልድ አገር፣ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ከሪክ ፍሌር ጋር ታገለ።