ቀጥቃጭና ቅጥቅጥ

ከሰቆጣ ተነሥቶ የላስታን ተራሮች ተሻግሮ ወደ ወልድያ የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚሳፈረው «ቅጥቅጥ» በሚባለው አውቶቡስ ነው። ይህ ተሽከርካሪ በመሠረቱ የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። አውቶቡስ የሚሆነው እዚሁ አገር፣ በየግቢው ባሉ ጋራዦች፣ በመዶሻና በብየዳ ነው። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ አሠራሩ ነው።

ቃሉ ግን ከመኪናው ይልቅ ያረጀ ነው። በሰሜኑ ደጋ «ቀጥቃጭ» ማለት ብረት ሠሪውን መጥራት ብቻ ሳይሆን መስደብም ነበረ። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ሰው ቡዳ ነው ብሎ ይሸሸው፣ በጋብቻም ያገለው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነቀፋው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያስረዳል። አጋጣሚ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በዚሁ ዓመት ነው፤ አንደኛውን እንግሊዛዊው ቤንትሌይ፣ ሌላውን ጀርመናዊው ሆልዝ አመጡት። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫም የዚያው ዘመን ትዝታ ነው።

ዋግ ከዚህ ሁሉ ርቆ ቆየ። ሰቆጣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ታላቅ ገበያ ስትሆን ጭነቱን የሚሸከሙት በቅሎና አህያ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም አገሪቱን የወረረው ፋሺስት ጣሊያን ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የዘረጋው አውራ ጎዳናም በኮረምና በወልድያ በኩል ሲያልፍ ሰቆጣን በስተምዕራብ ትቷት ሄደ።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም ድል ሲሆን ከኋላው ፊያት፣ ላንቻና ስፓ የተባሉ የጭነት መኪኖችን ትቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል ብዙውን እንግሊዞች ቢወስዱትም የቀረው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ዓለም በጦርነት ላይ በነበረበት ጊዜ መለዋወጫ ከቱሪን ማስመጣት የማይታሰብ ስለሆነ የተሰበረውን ማርሽ በቶርኖ መቅረጽ፣ የተቀደደውን ላሜራ ቀጥቅጦ መተካት ግድ ሆነ። እዚሁ የቀሩት ጣሊያናውያን መካኒኮች ጋራዥ ሲከፍቱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ቁልፍ በማቀበል ገቡ፤ ከዓመታትም በኋላ ባለሙያ ሆነው ወጡ። የትምህርቱ መዝገብ ዛሬም በአፋችን አለ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ቸርኬ፣ ፓራፋንጎ የምንለው ሁሉ በዚያ መንገድ የመጣ ነው። በጃፓን መኪና ላይ የጣሊያን ስም መጥራታችን ለባዕድ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ጎማው እንኳ ሲያልቅ አልተጣለም፤ በረባሶ ጫማ ሆኖ ሌላ መንገድ ሄደ።

እንግዲህ አሮጌውን በመጠገን የጀመረው እጅ ቀጥሎ አዲስ ቅርጽ ወደ ማውጣት ተሻገረ። ክፍት መጫኛ ያላቸው ትናንሽ መኪኖች ጣራ ተበጅቶላቸው፣ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ተገጥሞላቸው ታክሲ ሆኑ። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ሕዝቡ «ውይይት» አላቸው። በየቀበሌው ስብሰባና ውይይት በበዛበት በአብዮቱ ዘመን ከዚህ የተሻለ ስም ባልተገኘ ነበር። በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ የሚሽከረከሩት አሮጌ ፎልስዋገኖችም ዕድሜያቸውን ያገኙት ከእነዚሁ ጋራዦች ነው።

ቅጥቅጡ የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። መጫኛው ይነሣል፤ በሻንሲው ላይ የብረት ቱቦ አጥንት ይበየዳል፤ ላሜራው በአጥንቱ ላይ ይለብሳል፤ የጎበጠው በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ይቀባል። ፋብሪካው ለጭነት ያሰበው ባሌስትራ ግን ሰውን ሳይራራ ያነጥራል፤ የሰቆጣን መንገድ የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ የከፋው የክብደቱ ጉዳይ ነው። በፖርቶ መጋላው ላይ እህሉ፣ የዋግ ማርና ፍየል ሲጫን የመኪናው ማዕከለ ክብደት ወደ ላይ ይወጣል። በጠመዝማዛው ቁልቁለት ላይ መኪናው ቢገለበጥ በተሳፋሪውና በድንጋዩ መካከል የሚቀረው ያ በእጅ የተበየደ አጥንት ብቻ ነው። ስለሆነም የቱቦው ውፍረትና የብየዳው ጥራት የሰው ነፍስ ነገር ነው።

ሊቃውንቱ ይህን በስሌት ሊፈትሹት ይችላሉ፤ መፈተሽም አለባቸው። ነገር ግን ወደ ስሌቱ ከመግባታቸው በፊት ጋራዡን ቢጎበኙ ይበጃል። የትኛው ብየዳ ቀድሞ እንደሚለቅ፣ የትኛው የመስኮት ማዕዘን ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ አስቀድሞ የሚያውቀው ቀጥቃጩ ነው፤ የተሰነጠቀው አውቶቡስ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ግቢ ነውና።