ከኦሊቬቲ ወደ ሲኦሲ

በልጅነቴ ቡታጅራ ውስጥ ኑሮ የሚለውጡ አጫጭር ወረቀቶች ሁለት ነበሩ፤ መንጃ ፈቃድና የታይፕ ሰርተፊኬት። መንጃ ፈቃዱ የወንድ፣ ታይፑ የሴት። የቀረው ሙያ ሁሉ ወረቀት አይጠይቅም ነበር። መርካቶ የገባ የአገሬ ልጅ ጫማ ጠርጎ፣ ሱቅ ጠብቆ፣ ዕቁብ ጥሎ የራሱን በር ሲከፍት ሰርተፊኬትህን አሳየኝ የሚለው አልነበረም። በአርባ ዓመቱ ከልብስ ስፌት ወጥቶ ብረታ ብረት ቢገባም የሚጠየቀው ዋስ ነው። ስለዚህ "እትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ኮምፒውተር?" ስባል ነገሩ የተገላበጠ ይመስለኛል። አርባ ከሞላ በኋላ ሙያ መቀየር እኛ ዘንድ የቆየ ነው፤ በኋላ መጥቶ ያስቸገረው የሥራ መደብና የትምህርት ማስረጃ ነው።

ታይፑን አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ችግር እኛም ጣት ላይ ደርሷል፤ ከ200 በላይ የሆነ ፊደል በጥቂት ደርዘን ቁልፍ አይገባም። ስለዚህ ግንዱ ለብቻው ይመታል፣ ቅጥያው ለብቻው ይጨመርበታል፤ አንዱ ፊደል ሁለት ምት ይፈጃል። ሰነዱ መባዛት ካለበት ደግሞ ስቴንስል አለ። ስቴንስል ላይ የተሳሳተ ፊደል በቀይ ፈሳሽ ይደፈናል፣ እፍ ተብሎ ይደርቃል፣ እንደገና ይመታል። ሰርተፊኬቱ የሚመዝነው በደቂቃ ስንት ቃል እንደምትመቺና ስንቱን እንደምትስቺ ነው። ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምሽ ብዙም አይነሣም። ማሠልጠኛው ውስጥ ባል የሞተባትም፣ ከስምንተኛ ክፍል የቀረችም፣ ልጇን አዝላ የምትመጣም ነበረች። ይህን የማነሣው በናፍቆት አይደለም፤ ካርቦን ማንም አይናፍቅም። ፈተናው ግን እጅሽን እንጂ ዕድሜሽን አያይም ነበር።

ኮምፒውተር ወደ እኛ የመጣው በመንገድ ነው፤ መንገዱም በመዋጮ የመጣ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጡ ጉራጌዎች በ1950ዎቹ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ሲያዋጡ ያሰቡት ለእህልና ለሰው ነበር። በዚያው መንገድ ለመስቀልና ለአረፋ የሚገባ ዘመድ ከዓመታት በኋላ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ቡታጅራ በአንድ ነገር ደግሞ ቀድማ ነበር። በ1979 አካባቢ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የተወለደውን፣ የሞተውንና የተሰደደውን መመዝገብ ጀመረ። መዝጋቢዎቹ ቅጽ ይዘው በየእንሰቱ መሀል ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ቅጹ ቆይቶ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። የእነዚያ ቀበሌዎች ገበሬ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ ቤተሰቡ ኮምፒውተር ውስጥ ተቆጥሯል ማለት ነው።

እኔ ሥራ የያዝኩባት ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስለሆነች ቢሮ በዛባት፣ ቢሮው ደግሞ ኮምፒውተር ፈለገ። የመጀመሪያዎቹን ስናይ ጫማ አውልቀን ነበር የምንገባው። ማሽኑ የጨርቅ ልብስ ተሰፍቶለት፣ መስኮቱ መጋረጃ ተጋርዶበት፣ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ውስጥ ይውላል። የግል ማሠልጠኛዎች "ቤዚክ ኮምፒውተር" የሚል ሰርተፊኬት መስጠት ጀመሩ፤ ዊንዶውስ፣ ወርድ፣ ኤክሴል፣ በቃ። ብዙዎቹ ታይፕ ያስተምሩ የነበሩት ቤቶች ናቸው፤ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናው ወጥቶ ኮምፒውተሩ ገባ እንጂ ጠረጴዛው እንኳ አልተቀየረም። ወጣቶቹ ማውሱን ቶሎ ለመዱት። ቁልፉን ግን ከእኛ ከታይፒስቶቹ ነበር የሚማሩት።

እኔን ወደ ጥገናው የሳበኝ ፊደል ነው። አንዱ ቢሮ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ሌላው ፓወር ግዕዝ ይጠቀማል። ሁለቱም የአማርኛውን ፊደል የላቲኑ ሆሄያት በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ አቀማመጣቸው ግን አንድ አይደለም። ከቡታጅራ በዲስኬት የመጣ ደብዳቤ ወልቂጤ ሲከፈት ጭረትና ነጥብ የተረጨበት ገጽ ይሆናል። ኃላፊው ቫይረስ ነው ይላል፣ ጸሐፊዋ ማሽኑ ተበላሽቷል ትላለች። የጎደለው ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቶ ነበር፤ የእኛ ቢሮዎች ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በአሮጌዎቹ ፎንቶች ጻፉ። ፎንት መጫን፣ ፋይል ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ የፕሪንተር ድራይቨር መፈለግ፤ ይህን ሁሉ የምንሠራው የታይፕ ሰርተፊኬት ያለን ሴቶች ነበርን። የአይቲ ሥራ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ደመወዙም የጸሐፊ ነው።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቢፒአር የሚባለው የመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ባለሙያው የራሱን ደብዳቤ ራሱ ይምታ ተባለ፤ የታይፒስት መደብ እየከሰመ ሄደ። ጓደኞቼ ወይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈቱ ወይ ቤታቸው ገቡ። እኔ ፎቶ ኮፒውን መረጥኩ። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ጉብሬ ላይ ሥራ ሲጀምር የተማሪው ወረቀት ብቻውን ቤቱን አቆመው።

ወጣቶቹ ሌላ መንገድ ነበራቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው 10+1፣ 10+2 የሚባለው ሥልጠና የተሰፋው አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ በቀጥታ ለሚገባ ልጅ ነው። ልጅ ላሳደገች ሴት ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚታሰብ አልነበረም። ለውጡ የመጣው በ2000 ዓ.ም. በወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ነው። ሙያው በደረጃ ተከፈለ፣ ሥልጠናና ምዘና ተለያዩ፣ ምዘናው ሲኦሲ ለምንለው ማዕከል ተሰጠ። ስትራቴጂው ውስጥ እንደ እኔ ላለ ሰው የምትበልጠዋ ሐሳብ ሙያውን የትም ተማረው የት፣ በኮሌጅም ሆነ በሥራ ላይ፣ ማንም መመዘን ይችላል የምትለዋ ናት። ማለትም የመርካቶው ልማድ፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው፣ በመንግሥት ማኅተም ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር በግማሽ ነው የተመለሰው፤ የሥራ ማስታወቂያው ዛሬም የሲኦሲውን ሰርተፊኬት ከኮሌጅ ምረቃ ጋር አጣምሮ ይጠይቃል።

የአይቲው ምዘና የጽሑፍና የተግባር ነው። ለመመዝገብ ስሄድ በሩ ላይ የነበረው ወጣት "እትዬ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?" አለኝ፤ ክፉ አስቦ አይደለም። ጽሑፉ ምርጫ ነው፣ በእንግሊዝኛ፤ እሱ ይከብዳል። ተግባሩ ላይ ዩቲፒ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል፣ ክሪምፐርና ጫፍ ላይ የሚገባው አርጄ 45 ይሰጥሻል። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ ዘርግተሽ በተራ ማስያዝ አለብሽ፤ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴው መሀል ላይ ለምን በሰማያዊ እንደሚከፈል ወጣቱን ሁሉ ያደናግረዋል። ለታይፒስት ግን ተራ በጣት የሚያዝ ነገር ነው፤ ዓይን አይጠይቅም። ከዚያ ቴስተሩ ላይ ከ1 እስከ 8 ያለው መብራት በየተራ መብራት አለበት። ቀጥሎ ሁለት ኮምፒውተር አገናኝተሽ አይፒ አድራሻ ትሰጫለሽ፣ ፎልደርና ፕሪንተር ታጋሪያለሽ። መዛኙ አጠገብሽ ቆሞ ለምን እንዲህ እንዳደረግሽ ይጠይቃል። ውጤቱ "ብቁ" ወይም "ገና ብቁ ያልሆነ" ነው። "ወደቀ" አለመባሉን ወድጄዋለሁ፤ አርባን ላለፈ ሰው ያቺ "ገና" ትልቅ ነገር ናት።

ሌላው ዓለምም ይህንኑ ያውቃል። ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ የሚባለው የጀማሪ ጥገና ፈተና በ1993 እንደ ፈረንጆቹ ሲጀመር ዲግሪ አልጠየቀም፤ ጉግል በ2018 ያወጣውም የአይቲ ድጋፍ ሰርተፊኬት እንዲሁ። ነገር ግን ክፍያው በዶላር ነው፤ ወልቂጤ ላይ ፎቶ ኮፒ እያነሣች ዶላር የምትከፍልበት ካርድ ያላት ሴት አላውቅም። በእኛው አቆጣጠር በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ነፃ ስለሆነ ይህን አጥር ዘሎታል፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ በስልክም ይማሩታል። ልጄ ጨርሶ ሰርተፊኬቱን አሳይቶኛል። እኔ የምቸገረው በሌላ ነው። ከተማችን ውስጥ የሚከፈልበት ሥራ የተሰነጣጠረ ስክሪን፣ የማይታዘዝ ፕሪንተር፣ ቀን በቀን የሚቆራረጥ የሆቴል ዋይፋይ ነው፤ ኮድ ጻፉልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አላየሁም። ልጄ ሥራው ከአዲስ አበባም ከውጭም በስልክ ይመጣል ይለኛል። ሊሆን ይችላል፤ ለሃያ ዓመት ልጅ መጠበቅ አይጎዳውም።

ሱቄ ውስጥ አሁን ሁለት ሴቶች ከእኔ ጋር ይሠራሉ። አንዷ በርበሬ ትነግድ ነበር፣ ሁለተኛዋ ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት። ሁለቱም የጀመሩት በኬብል ነው፤ የተበላሸው ጫፍ ርካሽ ስለሆነ ደጋግሞ መቁረጥ አያስፈራም። የበርበሬ ነጋዴዋ በቀለም ተራው ፈጠነች፣ ከዓረብ አገር የመጣችው ደግሞ እንግሊዝኛውን ታነብላታለች። የምዘናው ምዝገባ ሲለጠፍ አንደኛዋ ደረጃ 1ን ዘልላ በቀጥታ ለደረጃ 2 መቀመጥ ትፈልጋለች። እኔ አይሆንም ብያታለሁ፤ እሷ ግን ገና አልሰማችኝም።