የጡት ተከላ ጉዳትን በአልትራሳውንድ መለየት፦ ከወረታ አንጻር

መግቢያ

ወረታ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ ለሚኖሩ እናቶች አልትራሳውንድ ሲባል ቶሎ የሚታወሳቸው የፅንስ ምርመራ ነው። ሆኖም በውጭ አገር ሲሊኮን ጡት የተተከለላት ሴት ወደ ቤተሰቧ ተመልሳ ብትታመም፣ ኤምአርአይ ፍለጋ ከመንከራተቷ በፊት የመጀመሪያውን መልስ ይኸው መሣሪያ ሊሰጣት ይችላል።

የምርመራው ምልክቶች

ለእርግዝና የሚያገለግለው ጎባጣ ፕሮብ ለዚህ አይበቃም፤ ከ10 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነ ቀጥ ያለ ፕሮብ ያስፈልጋል። ሁለቱም ጡቶችና ብብቶች መታየት አለባቸው።

ያልተጎዳ ተከላ ውስጡ ጥቁር፣ ጠርዙም ያልተቋረጠ መስመር ነው። ከጠርዙ ጋር የተያያዘ እጥፋት ጤናማ ስለሆነ መቀደድ ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። ሽፋኑ ተቀድዶ ሲሊኮኑ ሰውነት በዙሪያው በሠራው የጠባሳ ከረጢት ውስጥ ሲቀር፣ ተደራራቢ መስመሮች እንደ መሰላል ይታያሉ። ሲሊኮኑ ከከረጢቱ ካመለጠ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ነጭ ጭጋግ ይነሣና ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል፤ ይህ በብብት ንፍፊት ላይም ሊታይ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው ዓመት ካለፈ በኋላ በተከላው ዙሪያ የሚጠራቀም ፈሳሽ በቸልታ አይታለፍም። ኢንፌክሽን ወይም የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎም፣ በተለይ ገጹ ሸካራ ከሆነ ተከላ ጋር የሚያያዝ የሊምፎማ ካንሰር ምልክት ነው። የአለርጋን ባዮሴል ተከላዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ የተሰበሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ፈሳሹ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይቀዳል፤ ለሴል ምርመራና የዚህ ሊምፎማ ጠቋሚ ለሆነው ሲዲ30 ምርመራ ይላካል እንጂ አይደፋም።

የመሣሪያው ወሰን

አልትራሳውንድ በመርማሪው ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የተከላውን የኋላ ግድግዳም በደንብ አያሳይም። ስለዚህ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ካልለቀቀ ኤምአርአይ ግድ ይላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር፣ ሲሊኮን የተተከለላት ሴት ሕመም ባይሰማትም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 እስከ 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንድትታይ ይላል።

ማጠቃለያ

በየሆስፒታሉ ከፅንስ መመልከቻው ጎን ቀጥ ያለ ፕሮብ ይኑር፤ ባለሙያዎችም በምልክቶቹ ላይ ይሠልጥኑ። ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ሪፈር ወረቀት «የጡት እብጠት» ብሎ አያብቃ፤ ተከላው የገባበትን ዓመትና አገር፣ ዓይነቱን፣ የታየውን ምልክት ይጻፍበት፤ ምስሉም አብሮ ይላክ።