ኮዱ የማነው? የአንዲት ራውተር ታሪክ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ከቺፕ አምራቹ ድረ ገጽ ያወረድኩትን ድራይቨር አስተካክዬ ለአንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ልሰጥ ነው። ፋይሉ አናት ላይ ያለውን የድርጅቱን ስም ባጠፋው ችግር አለው?» አለኝ። «ቆይ፣ እንዳትነካው!» አልኩት። ለምን እንደሆነ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ በታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የምትባል ጥቁርና ሰማያዊ የዋይፋይ ራውተር ገበያ ላይ አወጣ። በ2003 ደግሞ ሲስኮ ሊንክሲስን በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ግን ፕሮግራመሮች የራውተሯን ሶፍትዌር ሲፈትሹ ውስጡ ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ። ሊኑክስ በነፃ ይገኛል፤ ባለቤት ግን አለው። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃዱ «ለሌላ ካከፋፈልከው ሶርስ ኮዱንም ስጥ» ይላል። ሊንክሲስ አልሰጠም ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው? ቺፑ የብሮድኮም፣ ሶፍትዌሩን ያዘጋጀው ሳይበርታን የተባለ የታይዋን ድርጅት፣ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም የሊንክሲስ፣ ገዢው ሲስኮ! ኮዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የፈቃዱ ግዴታ መንገድ ላይ ቀረ። ዕዳው ግን መጨረሻ የሸጠው ላይ አረፈ። ሊንክሲስ በዚያው ዓመት ኮዱን ለቀቀ፤ ከዚያ ኮድ ተነስቶም በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ ተወለደ።

ግን ሁሉም ነገር አልተለቀቀም። የብሮድኮም የዋይፋይ ድራይቨር እንደተቆለፈ ቀረ። ታዲያ በጎ ፈቃደኞቹ ምን አደረጉ? ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የብሮድኮምን ድራይቨር እየፈታ ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ አስቀመጠ። ሌላው ቡድን ያንን ጽሑፍ ብቻ እያነበበ የራሱን ኮድ ጻፈ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ እንጂ የቺፑን አሠራር አይደለማ! ድራይቨሩ በ2006 ሊኑክስ ውስጥ ገባ።

የሚገርመው፣ በ2007 አንድ የኦፕንቢኤስዲ ፕሮግራመር ከዚሁ ድራይቨር ኮድ ቀድቶ ሲገኝ ጸሐፊዎቹ «የኛ ነው፣ ፈቃድ ጠይቁን» አሉ። ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። ኦፕን ሶርስ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

በ2003 ኤስሲኦ የተባለ ኩባንያ «ኮዴን ሊኑክስ ውስጥ ከታችሁብኛል» ብሎ አይቢኤምን ከሰሰ። ከዚህ በኋላ፣ ከ2004 ጀምሮ፣ ለሊኑክስ ኮድ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ኮዱን የመስጠት መብት እንዳለው በስሙ ያረጋግጣል። ማለትም ፈራሚው አንተ ነህ፣ የሚጠየቀውም አንተ።

ስለዚህ ተማሪዬን እንዲህ አልኩት፦ መጀመሪያ ፈቃዱን አንብብ። የሚፈቅድ ከሆነ የአምራቹን ስምና ፈቃዱን እንዳለ ተው፣ ያንተን ከሥሩ ጨምር። «በእኛ ቺፕ ላይ ብቻ» የሚል ከሆነ ግን ከጂፒኤል ጋር አይሄድም፤ አምራቹን በጽሑፍ ጠይቅ። እምቢ ካለህ ለሕዝብ የተለቀቀውን የቺፑን ማኑዋል ይዘህ ራስህ ጻፈው። ጊዜ ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ግን ስም ብታጠፋና ነገ ቢታወቅ ያንተ ኮድ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ የፕሮጀክቱ ሰዎች ሁሉ ልፋት ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ? ኮድም እንደዛው ነው።