መጫን የአንድ ቀን፣ ማደስ የዘወትር
(ከላቪንግተን ሥልጠና ይዘን የተመለስነው ታሪክ)

የታሪክ ዓምድ ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው የሚነገረው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ፍላሽ ዲስክ እንጽፋለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በእኛው ዘመን ሰው የታሰረበትና የተሰደደበት ጉዳይ ስለሆነ ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሜይ 2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር የሚባለው የኢንተርኔት መሸሸጊያ መረብ ተዘጋ። በማርች 2013 ደግሞ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር እንደሚገናኝ ይፋ አደረገ። ማጥመጃው የግንቦት 7 ሰዎች ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶውን የከፈተ ሰው ኮምፒዩተሩን ለሰላዩ ከፈተ ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2014 ይኸው ተቋም የኢሳት ባልደረቦች በሌላ ሰላይ ፕሮግራም እንደታደኑ አሳወቀ። በኤፕሪል 25 እና 26/2014 ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ውስጥ ታሰሩ። በኋላ በቀረበባቸው ክስ ውስጥ ስለ ኮምፒዩተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ጥፋት ተቆጠረ። እንግዲህ በር መዝጋት መማር ራሱ ሌባ አሰኘ! ሂዩማን ራይትስ ዎች በጃንዋሪ 2015 ባወጣው ሪፖርት ከ2010 ወዲህ ቢያንስ 60 ጋዜጠኞች ከአገር መሰደዳቸውን ገልጿል። ብዙዎቹ የደረሱት ናይሮቢ ነው።

ያ እስር ከተጀመረ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 29/2014፣ ቴይልስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቁጥር 1.0 ወጣ። ሥራው የተጀመረው በ2009 ሲሆን በነፃ ይታደላል። ቴይልስ ኮምፒዩተሩ ላይ አይጫንም፤ ከፍላሽ ይነሳል፣ በራም ላይ ይሠራል፣ ሲዘጋ በኮምፒዩተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ዱካ አይተውም። ግንኙነቱ በሙሉ በቶር በኩል ያልፋል። የአሜሪካንን የስለላ ምስጢር በ2013 ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደንና አብረውት የሠሩት ጋዜጠኞችም ተጠቅመውበታል።

እኛ ከዚህች ፍላሽ ጋር የተዋወቅነው በ2019 ነው። የመውጫ ፈቃድ ተሰጥቶን፣ ከካኩማ በሎድዋርና በኪታሌ አድርገን፣ ናይሮቢ ላቪንግተን ገባን። ጊታንጋ መንገድ አጠገብ ባለ ጥላ የበዛበት ግቢ ውስጥ ነበር ሥልጠናው። ከአጥሩ ወዲህ ጸጥታ ነው፤ ጥቂት ራመድ ቢሉ የካዋንግዋሬ ግርግር ይጀምራል። ከመካከላችን መምህራን ነበርን፣ ድሮ ጋዜጣ ላይ ይጽፉ የነበሩም ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ገና ከመጫኑ ነበር የከበደን። ይዘናቸው ከሄድነው አሮጌ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ጨርሶ አልነሱም። ጥፋቱ የእኛ መስሎን ስንነካካ ዋልን። ለካ ቴይልስ ከጁን 2017 ጀምሮ፣ ከቁጥር 3.0 ወዲህ ማለት ነው፣ ባለ 32 ቢት ማሽኖችን ትቷል። ሌላው ላፕቶፕ ደግሞ ተነሳ፣ ከቶር ጋር ግን አልገናኝ አለ። ስናጣራ የሰዓቱ ባትሪ ሞቶ ኖሮ፣ አንዱ ባልደረባችን ቀኑን በእጁ ሞልቶታል፤ ዓመቱን 2011፣ ሰዓቱን ከጠዋቱ 3 ብሎ! እንደ አገራችን አቆጣጠር ትክክል ነው፤ ቶር ግን ከስምንት ዓመት በፊት የመጣ እንግዳ አድርጎ አየው። ያን ዕለት እንዲህ ሳቅን።

በማግስቱ ግን ሳቁ ቀረ። አንድ በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መምህር ቴይልስን አስቀድመው ያውቁታል። በፍላሻቸው ላይ ያለው ፐርሲስተንት ስቶሬጅ የሚባለው፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ጓዳ ውስጥ የስደተኞችን የሕይወት ታሪክ ከነስማቸው ሲሰበስቡ ኖረዋል። አፕዴት ሲያደርጉ «በቂ ቦታ የለም» የሚል መልእክት መጣባቸው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ አፕዴት በፊተኛው ላይ እየተደረበ ሲስተሙ የሚቀመጥበትን ክፍል ይሞላው ነበር። ጓዳው ባዶ ቢሆንም ዋናው ቤት ሞልቷል እንደማለት ነው።

እኛም «ቀላል ነው ጋሼ፣ እኛ እናድሰዋለን» አልን። ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ፣ በቁጥር 3.12፣ ድሮ ሁለት ፍላሽ ይጠይቅ የነበረው አጫጫን በአንድ ፍላሽ የሚያልቅ ሆኖ ነበር። አዲሱን ፋይል አውርደን በቀጥታ ፍላሻቸው ላይ ጻፍንበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መጫን እንጂ ማደስ እንዳልሆነ የገባን ጓዳው ከነታሪኩ ከጠፋ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው አጫጫን ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል።

ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እጃቸው ላይ ከሚወድቅ እንዲህ መጥፋቱ ይሻላል። እናንተ ግን ሌላ ሰው ላይ እንዳትደግሙት» አሉ። ማታ ደብተር አውጥተው የሚያስታውሷቸውን ስሞች መጻፍ ጀመሩ። ሁሉንም አላስታወሷቸውም።

ከዚያ በኋላ ከእኛ መካከል አንዱ «እንግዲህ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም» አለ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በዲሴምበር 2017 ሲቲዝን ላብ እንዳሳወቀው፣ ከ2016 ጀምሮ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ጨምሮ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ በኢሜይል የተላከው ወጥመድ የውሸት አፕዴት ነበር። ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ ይላል፤ የታዘዘ ሰው ሰላዩን በገዛ እጁ ይጭናል። ነገር ግን ሳይታደስ የቆየ ሲስተምም በሩ ተገርብቦ የሚያድር ቤት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ማደስ አለማደስ ሳይሆን፣ ማደሻው ከማን መጣ የሚለው ነው። እውነተኛው የቴይልስ አፕዴት በኢሜይል ሊንክ አይመጣም። ሲስተሙ ራሱ በቶር በኩል ያወርደዋል፤ የሠሪዎቹን ዲጂታል ፊርማ ሳያረጋግጥም አይጭነውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። በጃንዋሪ 2020 ቁጥር 4.2 ከብዙ ወር በፊት የቆየን ፍላሽ በአንድ ዝላይ ወደ አዲሱ የሚያደርስ፣ የቦታውንም ጣጣ ያቃለለ ሆነ። በኤፕሪል 2020 ቁጥር 4.5 ሴኪዩር ቡት ባላቸው ኮምፒዩተሮች ላይ መነሳት ቻለ። በሴፕቴምበር 2024 ቴይልስ ከቶር ፕሮጀክት ጋር ተዋሐደ። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው 7.0 ግን 3 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ለካምፓችን አሮጌ ማሽኖች ይህ ሌላ ፈተና ነው።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የምናስተላልፈው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ያዙ፤ በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጠው ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል ላይይዝ ይችላልና መጀመሪያ ፈትኑት። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ 64 ቢት መሆኑን፣ ቀኑና ሰዓቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መስተካከሉን እዩ። ሦስተኛ፣ አፕዴት እምቢ ሲል አዲሱን ፋይል ፍላሹ ላይ አትጻፉ። ከታደሰ የወዳጅ ፍላሽ ተነስታችሁ፣ በቴይልስ ክሎነር «አፕግሬድ» የሚለውን ምረጡ፤ ጓዳው አይነካም። ይህ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ድሮ እናቶቻችን እሳት ሲጠፋባቸው ከጎረቤት ጭረው ያመጡ እንደነበር ማለት ነው፤ ጎረቤቱ የሚታመን ይሁን እንጂ። አራተኛ፣ ጓዳችሁን ወደ ሁለተኛ ፍላሽ ገልብጡ፤ ክሎነሩ ይህንንም ይሠራል። ሁለቱን ግን አንድ ቦታ አታስቀምጡ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ጓዳውን የሚከፍትለት እንደሌለም አትርሱ።

ጋሼ ዛሬም ስሞቹን እየሰበሰቡ ነው። አሁን ሁለት ፍላሽ አላቸው። አንዱ እሳቸው ጋ ነው፤ ሁለተኛውን ያስቀመጥነው እኛ ነን።

ቸር ይግጠመን።