የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎች የሰውነት ክብደትና የጤና ብቃት

በአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ለማሽከርከር የሚያበቃ ጤንነት ያለው መሆኑን በሕክምና ምርመራ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ምርመራው የሚያሳየው የዕለቱን ሁኔታ ብቻ ነው። ከአንዱ ምርመራ እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ ክብደት ሊጨምር፣ የደም ግፊት ሊያሻቅብ፣ የስኳር ሕመም ሊጀምር ይችላል፤ ሦስቱም ለረጅም ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ መቆየታቸው የተለመደ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነቀምቴ የሚደርሰው መንገድ፣ ከዚያ ወደ ጊምቢና አሶሳ፣ ወደ በደሌ እንዲሁም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይቀጥላል። ጨለለቂን ጨምሮ በከተማዋ ሰፈሮች የሚኖሩ ወይም የሚያድሩ አሽከርካሪዎች የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በመሪ ላይ ተቀምጠው ያሳልፋሉ። ጭነቱን የሚጭኑትና የሚያወርዱት ሌሎች ናቸው፤ የአሽከርካሪው ድካም ከባድ ቢሆንም ሰውነቱ የሚያቃጥለው ኃይል ጥቂት ነው።

ክብደትን ስለማወቅ

የሰውነት ክብደት መጠን የሚታወቀው ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ክብደት ከመጠን አልፏል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው 72 ኪሎ ድረስ በጤናማው ክልል ውስጥ ሲሆን፣ 87 ኪሎ ሲደርስ 30ን ያልፋል። ሚዛን በማይገኝበት ቦታ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ የወንድ ወገብ ዙሪያ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ለልብና ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድል ይጨምራል፤ ከ102 ሲበልጥ ደግሞ በእጅጉ ከፍ ይላል።

በመንገድ ላይ ስለሚበላና ስለሚጠጣ

ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ውሎ ማታ በጥብስና በቁርጥ ተክቶ ወዲያው መተኛት ለክብደት መጨመር ዋነኛ ምክንያት ነው። ጠዋትና ቀትር ላይ መጠነኛ ምግብ መመገብ፣ ማታ ቀለል ማድረግ ይመከራል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በየምግብ ቤቱ ይገኛሉ፤ ሆኖም የጾም ምግብም ቢሆን ዘይት ሲበዛበት ቀላል አይደለም። የወለጋው አንጮቴም በራሱ ጥፋት የለበትም፤ የሚያከብደው የሚፈስበት ቅቤ ነው።

አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ውኃ ወይም ጣዕም ያልተጨመረበት የአምቦ ውኃ ስኳር የለውም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ክብደት ለመቀነስ ይረዳል የሚል አስተሳሰብ አለ፤ ነገር ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ይነሣል፣ ኃይሉ ሲያልቅም አሽከርካሪውን በድካም ይጥለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ጭነት ወይም ነዳጅ ሲጠበቅ የሚባክነው ሰዓት ለፈጣን እርምጃ ቢውል ይህ መጠን በቀላሉ ይሞላል።

ማንኮራፋትና የቀን እንቅልፍ

ከውፍረት ጋር ከሚመጡ ችግሮች ለአሽከርካሪ እጅግ አደገኛው በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ነው። በአንገት ዙሪያ የሚከማች ስብ የአየር መተላለፊያውን ስለሚያጠብ ትንፋሹ በሌሊት ደጋግሞ ይቋረጣል። ሰውየው ስምንት ሰዓት ተኝቶም ሳያርፍ ይነሣል፤ በማግሥቱ መሪ ላይ እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል። ሕመምተኛው ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቁት ባለቤቱ ወይም ጋቢና ውስጥ አብሮት የሚያድር ረዳቱ ናቸው። ስለዚህ «ታንኮራፋለህ፣ ትንፋሽህም ይቆማል» የተባለ አሽከርካሪ ነገሩን እንደ ቀልድ ሳያልፍ ለሐኪም ሊያስረዳ ይገባል። ክብደት መቀነስ ችግሩን ያቃልላል፤ ከመኝታ በፊት አልኮል መጠጣት ያባብሰዋል።

መድኃኒት የሚወስዱ አሽከርካሪዎች

የደም ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም ሕክምና ያስፈልገዋል። ፈቃዴን አጣለሁ በሚል ስጋት ሕመሙን የሚደብቁ አሉ። በሕክምና ቁጥጥር ሥር የዋለ የደም ግፊት ግን በአብዛኛው ከማሽከርከር አያግድም፤ የሚያግደው ሳይታከም ቆይቶ የሚያስከትለው የአንጎል ምት ወይም የዓይን ጉዳት ነው። ሽንት የሚያስመላልስ የግፊት መድኃኒት በጉዞ ላይ ያስቸገረው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ከማቋረጥ ይልቅ ሰዓቱ ወይም ዓይነቱ እንዲቀየርለት ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል።

ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ አሽከርካሪ ምግብ ሲያሳልፍ ወይም ሲጾም የደም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የዓይን ብዥታ ሲሰማው ተሽከርካሪውን ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከዚያም ምግብ መብላት አለበት። ስሜቱ ቢሻለውም አእምሮ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ጊዜ ስለሚወስድ 45 ደቂቃ ያህል ሳይቆይ ጉዞ መቀጠል የለበትም። በዲዴሳ ሸለቆ ዓይነት ቆላ ቦታ የቆመ ጋቢና በጣም ስለሚግል ኢንሱሊን እዚያ መተው መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

የደም ግፊትና የስኳር ልኬት በጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፤ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሊታዩ ይችላሉ። ለረጅም ጉዞ የሚነሣ ሕሙም ለመንገዱ ቀናት የሚበቃ መድኃኒትና የክትትል ካርዱን ይዞ ሊወጣ፣ የሕመሙን ዓይነትም ለረዳቱ አስቀድሞ ሊነግር ይገባል።